ከበር ሥር የሚገባ ውሃ

ባለፈው ዓመት ብርዱ ገና ሲጀምር፣ ሌሊት ላይ የልጅ ልጄ ስልክ ደወለችልኝ። ሰላምታም የለ፣ «አባባ፣ ከበሩ ሥር ውሃ እየገባ ነው፤ ምን ልግዛ?» አለችኝ። ከኋላዋ የማጋቭ ድምፅ ይሰማኛል። ባሏ ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ውሃው ደግሞ ተመልሶ ይገባል። «ውሃው በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከውጭ ነዋ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ለዚያች ሌሊት ፎጣ አንጥፉበት አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ በር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። አያቴም እንዲሁ። እኔም ብሆን በወገራ፣ በአዲስ አበባ፣ በካራቫን፣ በኋላም በሺኩን ከዚህ ውሃ ጋር ስታገል ነው የኖርኩት። ይቺ ልጅ ግን አንዱንም አታውቅም። ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት «አያቶችሽ ኢትዮጵያ ምን ይሠሩ ነበር?» ተብላ ስትጠየቅ «ገበሬዎች ነበሩ» ብላ ጽፋ መጣች። ሐሰት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ያልነገርኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ በር ልጽፍላችሁ ነው፣ ታገሡኝ።

አስቀድመን «ክረምት» በሚለው ቃል እንግባባ። እናንተ ክረምት ስትሉ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን ማለታችሁ ነው። በእኛ አገር በእነዚያ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ እህል ይታጨዳል፣ ይወቃል። ለስግድ ወደ ተራራው ስንወጣ መንገዱ ደርቆ አቧራ ያስነሣ ነበር። እዚህ ስግድ ሲደርስ ግን ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፣ አንዳንድ ዓመት ዣንጥላ ይዘን ነው የምንቆመው። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነበር። በጎንደር አካባቢ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ አብዛኛው በእነዚያ አራት ወራት ብቻ። እዚህ በባሕሩ ሜዳ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቁጥር ከሄድን እዚህ የቀለለ ይመስላል። ጠባዩ ግን ሌላ ነው። በመንደራችን ዋናው ጠላት ከወረደ በኋላ መሬት ለመሬት የሚመጣው ጎርፍ ነበር። እዚህ ዝናቡን ከባሕር የሚነሣ ነፋስ ወደ ጎን እየገፋ ያመጣዋል፣ በሩን ፊት ለፊት ይመታዋል። ይህን ልዩነት ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አባቴ በር የሚሠሩት ከዋንዛ ነበር። መጋዝ በመንደራችን አልነበረም። ግንዱ በሽብልቅ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በመጥረቢያ እየተጠረበ ሳንቃ ይሆናል። ከአንድ ወፍራም ግንድ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳንቃ ነው የሚወጣው፣ የቀረው ፍልጥ ሆኖ ይነዳል። ስለዚህ በር ውድ ነገር ነበር። ጎጆውን ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ በጥቂት ቀን ያቆመዋል፤ በሩን ግን አንድ ሰው ነው ሳምንታት ጎንበስ ብሎ የሚሠራው።

ማጠፊያ የሚባል ብረት የለውም። ከዳር ያለው ሳንቃ ከላይም ከታችም ጉጥ አለው። የላዩ ጉጥ በጉበኑ፣ የታችኛው በደፉ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ይዞራል። ደፍ ማለት በሩ ሥር ተጋድሞ እግራችሁን አንሥታችሁ የምትሻገሩት ነው፣ በመጽሐፍ «መድረክ» ይባላል። እሱን አባቴ ከወይራ ነበር የሚያደርጉት፤ ወይራን ምስጥም ውሃም ቶሎ አይበላውም። አንድ ችግር አለ። ያ የታችኛው ጉጥ የሚዞርበት ጉድጓድ ውሃ ያቁራል፣ በሩም መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አባቴ በጋለ ብረት ከጉድጓዱ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀች ቀጭን ቀዳዳ ይበሱ ነበር። የገባው ውሃ በዚያች ይወጣል። ይህን ከማን እንደተማሩት ስጠይቃቸው «ከበሰበሰ በር» አሉኝ።

የሳንቃውን የታች ጫፍ ደግሞ ከመግጠማቸው በፊት የኑግ ዘይት ሦስት ጊዜ ያጠጡታል። «እንጨት ውሃ የሚጠጣው በአፉ ነው እንጂ በጎኑ አይደለም» ይሉ ነበር። አፉ የሚሉት የተቆረጠውን ጫፍ ነው። እውነታቸውን ነው፣ ሳንቃን በጎኑ ብታረጥቡት ውሃው ይንሸራተታል፤ በጫፉ ብታቆሙት እንደ ክር ነው ወደ ላይ የሚስበው።

ይህ ሁሉ ግን ለአባቴ የመጨረሻው ነገር ነበር። «ውሃ በር ላይ ከደረሰ ረፍዷል» ነበር አነጋገራቸው። መጀመሪያ ከቤቱ በላይ፣ ከዳገቱ በኩል፣ ፈሰስ ይቆፈራል። ፈሰስ ገበሬው በማሳው ላይ የሚያወጣው ዓይነት የውሃ መውረጃ ነው፤ ቤቱን እንደ ጨረቃ ከቦ ጎርፉን ወደ ሁለት ጎን ይከፍለዋል። በየዓመቱ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ይጠረጋል። ቀጥሎ የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይወጣል፤ ጠፈጠፉ በሚያርፍበት ቦታ ድንጋይ ይደረደራል፣ አለዚያ ጭቃውን እያፈናጠረ በሩን ይለቀልቀዋል። ከበሩ ፊት ያለው መሬት ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ በጠጠር ይደለደላል። ደፉ ከዚያ በኋላ ነው፣ በሩም ከደፉ በኋላ።

ይህ እንደ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ሲሆነኝ ፈሰሱን መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል የሚያኖረን የእሷ ማሰሮ ነው፤ ማሰሮው በሚይዘው እህል ልክ ይለወጥ ነበር። ያን ዓመት ለዘመን መለወጫ ገበያ ያዘጋጀቻቸውን አሥራ ሰባት ጥሬ ሸክላዎች፣ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ከቤት ውስጥ መሬት ላይ ደርድራ በጥላ ታደርቅ ነበር። እኔ ቀን ከልጆች ጋር ስጫወት ውዬ ፈሰሱን ሳላየው መሸ። ገለባና ቅጠል ዘግቶታል። ሌሊት ጎርፉ ፈሰሱን ዘሎ ቤቱን ዞሮ ከበሩ ፊት መጣ፤ ደፉን አለፈና ገባ። ድምፅ አልነበረውም። የነቃነው ከእናቴ ጩኸት ነው። ያልተቃጠለ ሸክላ ውሃ ሲነካው አይሰበርም፣ ይሟሟል። አሥራ ሰባቱም ከታች እየሰመጡ በየቦታቸው ተቀመጡ፣ አንገታቸው ብቻ ቀረ።

እናቴ አልመታችኝም። ጠዋት ጭቃውን ሰብስባ እንደገና ታቦካው ጀመር። ጥሬ ሸክላ መልካምነቱ ይህ ነው፣ ተመልሶ ይቦካል። ጊዜው ግን አይመለስም፣ ገበያው አመለጣት። እስከ ጥቅምት ድረስ የበላነውን አልነግራችሁም። አባቴም አልመቱኝም። ከምድጃው አመድ ዝገኑና ከበሩ ፊት እስከ ምሰሶው ድረስ ነሰነሱት። ማታ ሲዘንብ በአመዱ ላይ ውሃው የሄደበት መንገድ በግልጽ ተጻፈ። «አየህ? ሰው ውሃ ገባብኝ ይላል እንጂ በየት እንደገባ አያይም» አሉ። ከዚያ መቆፈሪያውን ሰጡኝ።

ስለ ደፍ ሌላም ነገር አለ። ያ እንጨት ውሃን ብቻ አይደለም የሚያቆመው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» ይሉን ነበር፤ ከእነሱ ጋር ከተነካካን ሳንታጠብ ቤት ስለማንገባ ነው። እነሱም በበኩላቸው ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው እያሉ ይፈሩ ነበር። ስለዚህ ማሰሮ ሊገዛ የመጣ ሰው ከደፉ ወዲያ ይቆማል፣ እናቴ ከደፉ ወዲህ። ዋጋ ሲነጋገሩ፣ ስለ ልጆቻቸው ሲጠያየቁ፣ አንዳንዴም ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ደፉን ግን ማንም አይሻገረውም። ለእነዚሁ ሰዎች ቤት በር የሚሠሩላቸው ደግሞ አባቴ ናቸው። ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚሉት ሰው በሠራው በር ዘግተው ይተኛሉ። ይህን እኔ አሁን ነው የምስቅበት፤ ያኔ አያስቅም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፣ ምክንያቱም በሩና መሬቱ የተያያዙ ናቸው። አባቶቻችን ሲነግሩን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ጊዜ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ተባለ። ከዚያም በኋላ ብዙ ጦርነት አለ፤ የመጨረሻው ከባድ ጦርነት በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሰሜን ተራሮች የተደረገው ነው። የሱስንዮስ ልጅ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ርስት ያጣው ሕዝባችን በእጁ ሥራ ተፈለገ። የታሪክ ጸሐፊዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ቤተ እስራኤል ለነገሥታቱ ግንበኛ፣ አናጢና ቀጥቃጭ ሆነው አገልግለዋል። በሽርሽር ጎንደር ስትሄዱ ግንቡን ፎቶ የምታነሡት፣ እጃችን አለበት። ሆኖም የሌላውን ግንብ የሠራ ሰው ራሱ የቆመበት መሬት የሰው ነበር። አያቴ የሚያርሱት የባለርስት መሬት ነው፣ ከምርቱ ሲሶ ወይም እርቦ ይሰጣሉ፤ ባለርስቱ ልቀቁ ካለ ይለቃሉ።

ሲለቁ የሚያደርጉትን አባቴ ደጋግመው ነግረውኛል። ጎጆው ይቀራል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣራው ሣር። በሩን ግን ከነደፉ ነቅለው በአህያ ይጭኑታል። አያቴ በዕድሜያቸው ሦስት ጊዜ ለቀዋል፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው በር ነው። እኔ በተወለድኩበት ቤት የነበረው እሱ ነው፣ ገመድ ያሻሸው ምልክት ከዳሩ ላይ ይታይ ነበር። ለዚህ ነው ደፉ እንጨት የነበረው። አገራችን ድንጋይ ሞልቶ ሳለ፣ ለሌላው ሰው ድንጋይ ሲጠርቡ እየዋሉ፣ የራሳቸውን ቤት ደፍ ከድንጋይ አያደርጉም። የድንጋይ ደፍ መሬት ተቆፍሮ ይቀበራል፣ በአህያ አይጫንም። እንጨቱም ቢሆን በደንብ አይቀበርም፣ ከላይ ይጋደማል። ከሥሩ ታዲያ ውሃ ያሾልካል። ያን ሌሊት የእናቴ ሸክላ የሟሟው በእኔ ቸልታ ብቻ ሳይሆን በዚህም ጭምር ነው ብል ራሴን ለማዳን አይምሰላችሁ። አባቴ ራሳቸው በኋላ ነግረውኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን አዋጅ አወጀ። ደርግ ብዙ ክፉ ነገር አድርጎብናል፤ ወጣቶቻችንን አስሯል፣ ጸሎታችንንና ትምህርታችንን አግዷል። ያ አዋጅ ግን ለእኛ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ ጭሰኛ መባል ቀረ። በሁሉም ቦታ በሰላም አልተፈጸመም፣ መሬት አናካፍልም ያሉ ነበሩ። በመንደራችን ግን ገበሬ ማኅበሩ ለካን። አባቴ ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ናቸው። በዚያው በጋ ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ጥቁር ድንጋይ ፈልገው፣ ወር ሙሉ በመሮና በመዶሻ ጠርበው፣ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ ደፍ አወጡለትና አንድ ክንድ ቆፍረው ቀበሩት። ሰው ሁሉ መጥቶ አየው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በነሐሴ እናቴ ሸክላዋን መሬት ላይ ደርድራ ትተኛ ነበር።

ያን ድንጋይ አሥራ አምስት ዓመት ረገጥነው። በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በክረምቱ፣ ወደ አዲስ አበባ ሂዱ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ልትወጡ ነው ሲባል ተነሣን። አባቴ በሩን አልነቀሉም። ዘግተው ቁልፉን ለጎረቤት ሰጡ። ያ ጎረቤት ያን ቀን ደፉን ተሻግሮ ገባና አቀፋቸው። አዲስ አበባ በተከራየነው ክፍል የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። የቆርቆሮ በር ነበር፣ ደፍ የለውም። የሰፈሩ እዳሪ ውሃ ሁሉ ይገባብን ነበር፤ ብዙ ልጆች በበሽታ ያለቁበት ዓመት ነው፣ ከእኛም ቤት አንድ ልጅ ሄዷል።

በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.፣ በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣ እኛም መጣን። የመጀመሪያውን ክረምት ካራቫን ውስጥ አገኘን። የ1991-92 ክረምት በዚህ አገር እስከ ዛሬ የሚወራ ነው፤ ኢየሩሳሌም በበረዶ ተሸፈነች፣ ኪኔሬት ሞልቶ የደጋንያን ግድብ ከፈቱት። አገሩ ሁሌም እንዲህ ነው ብለን አመንን! ካራቫኑ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለቆመ ጎርፍ አልደረሰበትም። ነገር ግን በሩ ስስ እንጨት ነው፣ ፊቱም ወደ ባሕር። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ በሩን ይመታል፣ በፊቱ ወርዶ ከሥሩ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ኃላፊው «ምንም ነገር እንዳትነኩ፣ እኛ ሠራተኛ እንልካለን» ብሎን ነበር። ክረምቱ አለቀ፣ ሠራተኛው አልመጣም። እኔ ጨርቅ ወተፍሁ፣ ቀጥሎ ሲሊኮን ገዝቼ ከውስጥ በኩል የበሩን ሥር ደፈንኩት። ውሃው መግባት ሲያቆም ኮራሁ። ለፋሲካ በሩ ከታች አብጦ እንደ እንጀራ ቁልል በየንብርብሩ ተገነጣጠለ። ውሃውን ከውስጥ ስዘጋበት መውጫ አጥቶ እንጨቱ ውስጥ ቆሞ ነበር። አባቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያያሉ፣ አንድ ቃል አይናገሩም። «አባ፣ ምን ይሻላል?» ስላቸው «ቤቱ የሰው ነው» ብቻ አሉ። ስድሳ ዓመት በር የሠሩ ሰው፣ አራት ዓመት መሣሪያ ሳይነኩ ቆዩ። በዚያ ጊዜ አርጅተው ደክመው መስሎኝ ነበር።

በ1993 ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ማሽካንታ ተፈቀደ። በ1995 ረኾቮት ውስጥ፣ በሃምሳዎቹ ከተሠሩት ሺኩኖች በአንዱ፣ ከመሬት ላይ ያለ ቤት ገዛን። በሩ ወፍራም እንጨት ነው፣ አርባ ዓመት ቆሞ ከታች በስብሷል፣ አረንጓዴ ቀለም ነው አንድ ላይ የያዘው። የቤቱ ወለልና ግቢው እኩል ናቸው፣ ደፍ የሚባል ነገር የለም። የዚህ አገር ሰው ወለሉን በባልዲ ውሃ አጥቦ በማጋቭ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስፖንጃ የምትሉት። ለዚህ ደፍ እንቅፋት ነው። እንግዲህ ውሃ በቀላሉ የሚወጣበት በር፣ በቀላሉ የሚገባበትም ነው። በዚያ ላይ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ግቢውን በሲሚንቶ ሲለብጠው ወደ ቤቱ አዘቅዝቆታል።

የፈረምን ዕለት አባቴ ወረቀቱን አንሥተው አገላበጡት፣ ዕብራይስጥ አያነቡም። «ይህ ማለት ማንም ልቀቁ አይለንም?» አሉኝ። ገንዘቡን እስከከፈልን ድረስ አይለንም አልኳቸው። ተነሥተው ወጡና የበሩን ሥር በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ዱቄት አምጡልኝ አሉ። አመድ በዚህ ቤት ከየት ይመጣል? እናቴ «እህል መሬት ላይ ይነሰነሳል እንዴ!» ብላ ጮኸች፣ እሳቸው አልሰሙም። ዱቄቱን በበሩ ዙሪያ ነሰነሱና ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው አዩ። ከዚያ ጠሩኝ። «ይህ አንድ ውሃ አይደለም፣ ሦስት ነው» አሉ። አንዱ ከግቢው የሚመጣው ነው። ሁለተኛው የበሩን ፊት እያጠበ ወርዶ ከሥሩ የሚታጠፈው። ሦስተኛው በመቃኑና በግድግዳው መካከል በተሰነጠቀው የሚገባ ነው። ሦስቱን በአንድ ሲሊኮን ልዘጋ ነበር እኔ።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ፣ ምክንያቱም እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኔም ከፋብሪካ የምመለሰው ማታ ነው። ከበሩ ፊት ሲሚንቶውን አንድ ስንዝር ያህል ስፋት ሰብረን ቦይ ቆፈርን፣ ጠጠር ሞላንበት፣ ውሃው ወደ አትክልቱ እንዲሄድ አደረግን። አባቴ «ፈሰስ» ነው ያሉት፣ ከዚያ ወዲያ ስሙ እሱ ሆነ። የመቃኑን ስንጥቅ በሲሚንቶ ሞላን። ደፉን ከድንጋይ አደረግነው፤ ከግቢው ሦስት ጣት ከፍ ያለ፣ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ፣ ከውስጥ በኩል ትንሽ ከንፈር ያለው። የበሰበሰውን የበሩን ሥር አራት ጣት ያህል ቆርጠን በጠንካራ እንጨት ተካነው፣ አፉንም ዘይት አጠጣነው። ኑግ ስላልነበረ ቀለም ሻጩ የሰጠንን የተልባ ዘይት ነው።

በሁለተኛው ውሃ ግን አባቴ ተቸገሩ። በር ፊት ለፊት የሚመታ ዝናብ በአገራቸው ዋና ነገር አልነበረማ። ከበሩ ፊት ከታች አግድም እንጨት መታን፣ ውሃውን ወደ ፊት አውጥቶ እንዲጥል። ውሃው በእንጨቱ ላይ ወርዶ፣ ሆዱን ተለጥፎ፣ ተመልሶ በሩ ሥር ገባ። ሁለት ጊዜ ሞከርን። ከላይ ፎቅ የሚኖሩ አንድ የሞሮኮ ሽማግሌ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ። ቆመው ሲያዩን ቆይተው ወረዱና እንጨቱን ከሥሩ በጣታቸው እየነኩ «አፍ ማይም! አፍ ማይም የለውም!» አሉ። ልተረጉም ስል አባቴ ቀደሙኝ። «ገብቶኛል፣ የውሃ አፍ ነው የሚሉት፤ ማይ በግእዝም ውሃ ነው» አሉ። በዕብራይስጥ «አፍ» አፍንጫ መሆኑን በኋላ ነገርኳቸው፣ ግድ አልሰጣቸውም። ሰውዬው ያሉት ከእንጨቱ ሆድ፣ ከፊተኛው ጠርዝ አንድ ጣት ገባ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር ቦይ ይፈልፈል ነው። ሆዱን ተለጥፎ የሚሄደው ውሃ እዚያ ቦይ ሲደርስ ሊሻገር አይችልም፣ ይጠባጠባል። አባቴ መሮ ይዘው በዚያው ማታ ፈለፈሉት። በነጋታው ዘነበ፣ ውሃው ከድንጋዩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ውጭ ሄደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ቋንቋ ሳይኖራቸው ጎን ለጎን ቆመው ያዩት ነበር።

በመጨረሻ ከሱቅ አንድ ነገር ገዛን፣ ከበሩ ሥር የሚመታ ጎማ። እሱም ለንፋሱ ነው።

ሁሉም አልተደሰተም። ባለቤቴ የስፖንጃው ውሃ በደፉ አላልፍ ስላላት እስከ ዛሬ በየሐሙሱ ትወቅሰኛለች፣ በማጠቢያ ቤቱ በኩል ነው የምትገፋው። መዙዛውንም በዚያው ሰሞን ቀና አድርገን እንደገና መታነው። በአገራችን መዙዛ አልነበረንም፣ አባቴ መቃኑን ባለፉ ቁጥር እሱን ሳይሆን ደፉን ነበር ጎንበስ ብለው የሚያዩት። ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ ከቤተ መቅደሱ መድረክ ሥር ወደ ምሥራቅ የሚወጣ ውሃ አይቷል። ቄስ ይህን ሲያነቡ አባቴ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «የሚወጣ ከሆነ መልካም ነው» አሉኝ፤ በጸሎት መካከል ነበር የሳቅኩት።

አባቴ በ1999 ዐረፉ። ድንጋዩ አሁንም አለ፣ መካከሉ ትንሽ ተበልቷል።

ወደ ልጅ ልጄ ልመለስ። በማግስቱ ዱቄት ይዤ ቤቷ ሄድኩ። አመዱን ወይም ዱቄቱን ከመነስነሳችሁ በፊት ምንም አትግዙ፣ ይህን እናንተም ያዙልኝ። የእሷ ቤት ውሃ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፣ በበሩ ፊት ወርዶ የሚታጠፈው። መድኃኒቱ አግድም እንጨትና የውሃ አፍ ነው። ደፉንም ላነሣው ፈልጌ ነበር። እሷ ግን «አባባ፣ ኪራይ ነው እኮ፣ ባለቤቱ ወለሉን አትንኩ ብሏል» አለችኝ። ይህን ቃል ሳውቀው ነው የኖርኩት። ተከራክሬ አላስቸገርኳትም።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ከወፍራም ሳንቃ ደፍ ጠረብኩላት። ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ነው፣ አፉ በዘይት ጠጥቷል፣ ከሥሩ ጎማ ለጠፍኩበት። በሁለት ብሎን ከመቃኑ ጋር ይያዛል እንጂ ወለሉን አይነካም። ሙሉ ሳምንት ፈጀብኝ፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ባሏ ሲገጥምልኝ እሷ ከላይ ቆማ ታያለች። «ቤቱን ስንለቅስ?» አለችኝ። መፍቻውን ሰጠኋትና እነዚህን ሁለቱን ፈተሽ በመኪናሽ ጭነሽ ትሄጃለሽ አልኳት።